ምርቃት የማይወደው ክር

ኮምቦልቻ፣ ከበሺር ቤት
ዓርብ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለሞላልኝ፣ አሰብ።

«ለውድ ባለቤቴ» ብዬ ጀምሬ ሰርዤዋለሁ። ስርዙ ስለሚታይ፣ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ ብዬ ነው። እንደምን ሰንብተሃል? እኔስ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ለወጉ ነው፤ በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉ ቢያነክስ አትሳቅብኝ።

ወረቀቱን ከመግለጥህ በፊት በጀርባው በትልቁ የጻፍኩትን አይተህ ይሆናል። ካላየህ መልሰህ እጠፈውና እየው። «ይህን አንብበህ ሳትጨርስ የመኪናዋን መብራት እንዳታበራ» ይላል። ቀልድ አይደለም፣ ሞላልኝ። ያስተማርኩህን ፊደል አንድ በአንድ እየለቀምክ እንደምታነብ አውቃለሁ። አትቸኩል፤ መኪናዋ ብቻ ትቁም።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናዘዝ። ከትናንት በስቲያ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ አንተን ለማየት ብዬ ከደሴ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። እንዲሁ ለማየት። ማክሰኞ ፀጉሬን ተሠራሁ። ያን ጠርዙ አረንጓዴ የሆነውን ቀሚስ ከሳጥን አወጣሁ፤ በሰኔ ፍራሽህን ተሸክመህ ከወጣህ ወዲህ ያልለበስኩትን። መቼም ባዶ እጄን መጥቼ «ናፈቅኸኝ» አልል! ስለዚህ፣ አንጥረኛ አይደለሁ፣ ማንም ያላዘዘኝን የብር ክር ስቤ በወረቀት ጠቀለልኩና «ለመኪናው መለዋወጫ አመጣሁለት» የምትል ሰበብ ይዤ ተነሣሁ። ወርቅነሽ፣ ያቺ ከሱቄ አጠገብ በርበሬ የምትሸጠው፣ ገና ከደጃፌ ስወጣ ያዘችኝ።

«አረጋሽ፣ ሰርግ ነው?»

«ኧረ ዕቃ ላደርስ ነው።»

«ቅቤ የተቀባው ዕቃው ነው ወይስ አንቺ?»

እግሬን አፍጥኜ አለፍኳት። እስከ አሁን ሰኞ ገበያ ሰፈር በሙሉ ሳይሰማው አልቀረም።

ኮምቦልቻ ስደርስ ከየጊቢው የቆሻሻ ጭስ ይወጣል፤ ኅዳር ሲታጠን ነው። ጋራዡ ጋ አንተም የለህም፣ መኪናዋም የለችም። በሺር ከአንድ ካሚዮን ሥር በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣ።

«እት አረጋሽ! አብሽሪ፣ ምን እግር ጣለሽ? ሞላልኝ እንደሁ ትናንት ንጋት ላይ ወደ አሰብ ወርዷል፣ ቤንዚን ሊጭን።»

ቀሚሴን አይቶ ሳቁን ሲውጥ አየሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! «ሥራ ነው ያመጣኝ» ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

«ማሻአላህ! የማን ድሪ ነው ይሄ?»

«ድሪ አይደለም። የሞላልኝ መኪና የመብራት ቫልቮላ ክር ነው። ባለፈው ስቤ የሰጠሁት እንዲህ ያለውን ነው።»

ያ ሳቁ ከፊቱ ላይ እንዴት እንደወረደ ብታይ። ክሩን በሁለት ጣቱ ያዘ፣ አጠፈው፣ ለቀቀው። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ይሄን ነው የሰጠሽው? ይሄን ይዞ ነው የሄደው?» አለኝ። «ያ አላህ» ብሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። በሺር ሲደነግጥ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

እስቲ ወደ ሱቄ የመጣህበትን ቀን አስታውስ፤ ኅዳር ሦስት፣ ሰኞ። አምስት ወር ሙሉ ድምፅህን ሳልሰማ ቆይቼ፣ በገበያ መሀል ብቅ አልክና መዳፍህን ዘረጋህ። መዳፍህ ላይ የተቃጠለች የእርሳስ ክር ብጣሽ አለች። «ከዚህች ጋር እኩል የሆነች ክር ሳቢልኝ። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ተበጠሰችብኝ» አልከኝ። እኩል ማለትህን ሰምቻለሁ። መስማቱንስ ሰምቻለሁ፤ ልቤ ግን ሸሚዝህ ላይ ነበር። ሦስተኛው ቁልፍ ጠፍቷል። ይህን ቁልፍ ማን ይተክልለታል እያልኩ አንተ የምትለው ሁሉ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ያቺ ብጣሽ ከጉትቻው ቀዳዳ ጋር ልክ ነበረች። አባቴ ቀለሙ ነፍሱን ይማረውና፣ ክር የምንስብበትን ባለ ቀዳዳ ብረት ሲያስተምረኝ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ በሚሠራበት ጌጥ ስም አውጥቶለት ነበር፤ ሰፊው የአልቦ፣ ቀጥሎ የድሪ፣ ቀጥሎ የጉትቻ፣ የመጨረሻው ቀጭኑ የፀጉር። እኔ ብጣሿን ለክቼ ጉትቻ መሆኗን አወቅሁ። አወቅሁና ምን አደረግሁ? እርሳስ ለሞላልኝ አይገባም ብዬ ብር አቀለጥኩ፤ ከወዳደቀ ቁርጥራጭ ነው፣ አይክበድህ። ደግሞ ከእኔ ዕቃ ወስዶ ምርቃት ያልተጨመረለት ማን አለ? ስንዴ የምትሸጥ ሴት እንኳ ከልኩ በላይ አንድ እፍኝ ትመርቃለች። እኔም በጉትቻው ፈንታ በድሪው ቀዳዳ ሳብኩልህ። አንድ ቀዳዳ ምርቃት። «ይቺ እንኳን አንተን መኪናህንም ትጎትታለች» ብዬህ ሳቅሁ። አንተም ሳቅህ። ሦስት ጊዜ የተበጠሰውን ችግር ገላገልኩት ብዬ ያን ቀን እንዴት እንደኮራሁ!

በሺር እንዲህ አለኝ። «እት አረጋሽ፣ ይቺ ክር የተቀመጠችው ከባትሪው ወደ መብራቱ በሚሄደው ሽቦ መንገድ ላይ ነው። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት እሷ ቀድማ ቀልጣ ትበጠሳለች፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ሽቦው ይተርፋል። ለዚህ ነው ደካማ የምትሆነው። አንቺ አደጋ ሲመጣ ቀድሞ የማይሞት ዘበኛ አቆምሽበት።»

አላመንኩትም ነበር። እንዴት ጠንካራ ነገር ይጎዳል? ባትሪ አወጣ፣ እንደ መኪናዎቹ ጨርቅ የለበሰ ሽቦ ዘረጋ፣ መሀሉ ላይ የእርሳስ ክር አሠረ። የሽቦውን ጫፍ ብረት ሲያስነካው ክሯ ጠሽ ብላ ተበጠሰች። ሽቦውን ዳሰስኩት፤ እንደ ቀዘቀዘ ነው። ከዚያ የእኔን ብር አሠረበት። አስነካው። ክሬ ምንም አልሆነችም፣ እንደ ሙሽራ ቆማለች። ሽቦው ግን ጨርቁ መጀመሪያ ቡናማ ሆነ፣ ቀጥሎ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ጭስ አወጣ። በሺር በጉጠት ነቅሎ ወረወረው። በእግሩ እስኪረግጠው ድረስ ጨርቁ ነደደ፣ ሞላልኝ። ዓይኔ እያየ ነደደ።

የከፋው ገና ነው። «በወር ሦስት ጊዜ ነው ያለሽ የተበጠሰችው?» አለኝ። አዎ ስለው ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያ ክሯ ደክማ አይደለም። የሆነ ቦታ ሽቦው ተልጦ ከመኪናው ብረት ጋር ይነካካል። ክሯ ሦስት ጊዜ ጮኻ ነግራዋለች። ሞላልኝም ጅል ነው፣ የተላጠውን መፈለግ ትቶ ክር ፍለጋ ደሴ ወጣ። ምን ሊፈልግ እንደወጣ እንጃለት!» (የመጨረሻዋን በጎን እያየኝ ነው ያላት።) የኋላው መብራት ሽቦ በራሷ በመኪናዋ የቤንዚን ታንከር ጥግ እንደሚያልፍ ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። አንተ ደግሞ ሰኞ ዕለት ነግረኸኛል፤ ቁልቁሉን ባዶህን በቀን እንደምትወርድ፣ ስትመለስ ግን በርሜሎቹ በበረሃው ፀሐይ እንዳይግሉ መብራት አብርተህ በሌሊት እንደምትጓዝ። ክሬን ካሠርክ ወዲህ ቀን ቀን ስለነዳህ ነው የተረፍከው። አሁን ግን ከኋላህ ሙሉ የቤንዚን በርሜል፣ ከሥርህ የሚግል ሽቦ፣ መሀል ላይ የእኔ የማትበጠስ ክር።

ከረቡዕ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። የዚያን ዕለት ጭሱ ከየጊቢው ሲነሣ አፍንጫዬን ሸፍኜ ነው ደሴ የተመለስኩት። ማክሰኞ መንገድ ላይ መሽቶብህ መብራት አብርተህ ከሆነስ? ትናንት ከአሰብ የገባ ሾፌር ጋራዡ ጋ ሲያርፍ ሮጬ ጠየቅሁት፤ አንድ ሰው ከነአካላቱ ነው ወይ ተብሎ ይጠየቃል? ሰውየው ግራ ገብቶት አየኝና፣ «ሞላልኝን? ረቡዕ ጠዋት ሚሌ ላይ ቲማቲም በዳቦ ሲበላ አየሁት። እስከ ሰኞ ጭነት አያገኝም» አለኝ። ቲማቲም በዳቦ! ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰውየው ረሃብ ነው መስሎት ዳቦ ሰጠኝ።

እንግዲህ እስከ ሰኞ አለህ። በሺር ደግሞ ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተነሥቶ እሑድ አሰብ ይገባል። ይህን ወረቀት የያዘው እሱ ነው። ወደብ ውስጥ ቢያጣህ በየመጋዘኑ እየጮኸ ሊፈልግህ በነቢ ምሎልኛል።

ሌላም የሚያስፈራኝ አለ፤ አጠር አድርጌ ልንገርህ። መኪናዋ ብትነድና አንተ በተአምር ብትተርፍ፣ ባለመኪናው ጣልያን «የሚስቴ የብር ክር ነው» ብትለው ይሰማሃል? ከሽፍታ ጋር ተመሳጥሮ አቃጠለ ነው የሚለው። የዚህ ዓይነት ነገር ወዴት እንደሚያደርስ ታውቃለህ፣ በወረቀት አልጽፈውም። የእኔም አለ። የአንጥረኛ ልጅ ነኝ። ስታገባኝ የእናትህ ዘመዶች «ዓይኗ ይበላዋል» ብለው ከኩታበር ሳይመጡ እንደቀሩ አልረሳሁትም። አሁን አንድ ነገር ብትሆን ምን እንደሚሉ አስበው፤ ጥሏት ቢሄድ በገዛ እጇ ክር በላችው! ሰኞ ዕለት እኮ እውነትም ዓይኔን ካንተ ላይ አልነቀልኩም። ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ በክፉ አላየሁህም።

አሁን ሥራው። ትናንት የአባቴን ባለ ቀዳዳ ብረትና ወናፍ ተሸክሜ ወርጄ በበሺር ሚስት በመዲና ጓሮ ከሰል አነደድኩ። የመዲናን አፍ እንደሆነ ታውቀዋለህ።

«አንቺዬ፣ ባልሽን ከቤት ስታስወጪው እንዲህ አልሮጥሽም።»

«ራሱ ነው የወጣው። ኮምቦልቻ ካልወረድሽ ብሎ።»

«ብትወርጂስ ምን ነበረበት?»

«የአባቴን ሱቅ ጥዬ ለወባ?»

«አቦ ተዪኝ! ይኸው ወርደሻል፣ ያውም ወናፍ ተሸክመሽ» አለችና ከሰሉን አራገበችልኝ።

በሺር ከሞተ ባትሪ እርሳስ አመጣ። እርሳሱ ብቻውን ስስበው ይበጣጠሳል፤ ከመበየጃው ጥቂት ቆርቆሮ ስጨምርበት ታዘዘልኝ። ከዚያ ልክ ፍለጋ ገባን። የአንተን መኪና መብራቶች የሚመስሉ ሁለት የፊት መብራትና አንድ የኋላ ከባትሪ ጋር አያያዝን። በፀጉሩ ቀዳዳ የሳብኳት ክር መብራቱ እንደበራ ተቃጠለች፤ ገና ሥራ ሳይጀመር። በድሪው ቀዳዳ የሳብኳት፣ እርሳስም ሆና፣ ብረት ሲነካ ዘገየች፤ እሷ እስክትበጠስ ሽቦው ሞቆ ነበር። የጉትቻዋ ግን ሦስቱን መብራት ተሸክማ መዲና ሽንኩርት ከትፋ እስክትጨርስ ቆየች። ብረት ስናስነካ ደግሞ በሺር እጁን ሳያነሣ ተበጠሰች፣ ሽቦውም ቀዝቃዛ። ሦስት ጊዜ ሞከርን፣ ሦስት ጊዜም እንዲያው። አንተ መዳፍህ ላይ ይዘህልኝ የመጣኸው ልክ። አሥራ አንድ ክር አቃጥዬ መጀመሪያ ወደነገርከኝ ተመለስኩ።

ስድስት ክር በቀይ ድር አሥሬ እዚሁ ወረቀት ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። እባክህ እንደምነግርህ አድርግ፤ በሺርም አጠገብህ ይቁም። መጀመሪያ የባትሪውን አንድ ጫፍ ፍታ። ከዚያ ከመሪው ሥር ያለችውን ሳጥን ክፈትና የእኔን ብር አውጣት። አዲሷን ክር በሁለቱ ብሎን ሥር ጠምዝዛት፣ ግን አትወጥራት፤ እርሳስ ሲወጠር ይቀጥናል፣ ያለ ልኩ ይበጠሳል። አንድ ብቻ። ለጥንካሬ ብለህ ሁለት አታጣምር፤ ይህ ነገር ምርቃት አይወድም። ግን ክሯን ከማሠርህ በፊት ከኋላው መብራት ጀምረህ ሽቦውን በእጅህ እየዳበስክ ወደፊት ና፤ በተለይ የታንከሩን ጥግ። የተላጠውን ስታገኝ በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ደህና አድርገህ ጠቅልለው። ሳታገኘው እንዳትነሣ። መንገድ ላይ ክሯ ከተበጠሰችም ሌላ ከመተካትህ በፊት ቁምና ምን እንደነካት ፈልግ። ስትበጠስ ተናግራለች ማለት ነው። እኔም አንተም የሚጮኽልንን ነገር ዝም ማሰኘት ብቻ ነው የምናውቀው።

መዲና በሩ ላይ ቆማ «ሶላት ወጡ፣ ጨርሺ» ትለኛለች። የበሺር መኪና ሲነሣ ይሰማኛል። (የእሱንም የቫልቮላ ሳጥን ትናንት አስከፍቼ አይቼዋለሁ። አንተም ሳቅ፣ እሱም ስቋል።)

አንድ ነገር ቀረኝ። የምታወጣትን የብር ክር እንዳትጥላት፣ ለማንም እንዳትሰጣት። ከወዳደቀ ቁርጥራጭ ናት ብዬሃለሁ፤ ቢሆንም ይዘሃት ና። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ድሪዬ ሁለት ቀለበት ጎድሎት አንገቴ ላይ ተጣሞ ይውላል፤ ሰው ሁሉ ምን ሆኖ ነው እያለ ይጠይቀኛል። በሰው አትላካት። ራስህ ይዘሃት ና።

የኅዳር ሚካኤል ከፊትህ ይቅደም፣ ከኋላህም ይከተል። የበረሃውን ሙቀት ያብርድልህ። እጅህን ከእሳት፣ ስምህን ከክፉ አፍ ይጠብቅልኝ።

እኔ ደሴ አልመለስም፤ መዲና ጋ ነኝ። ሰኞ ከተነሣህ ረቡዕ ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ንጋት ላይ መግባትህ ነው ብሏል በሺር። ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ የባቲው መንገድ ወደ ከተማው የሚገባበት ቆሜ ከዳገቱ የሚወርደውን መብራት ሁሉ እቆጥራለሁ። ስንት መኪና እንደገባ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ያንተ ስንተኛ እንደነበረች፣ አንድ ሳላስቀር ከዚሁ ወረቀት በቀረኝ ቁራጭ ላይ እጽፈዋለሁ። ያን ግን በሰው አልክልህም፤ መጥተህ ከእጄ ታነበዋለህ። የሸሚዝህን ቁልፍ ገዝቻለሁ፣ ነጭ ነው፣ መርፌውም ክር ገብቶለታል።

አረጋሽ ቀለሙ